ማንንም የማይቆጥር ገጽ

የእህቴ የቀድሞ ባል በሚሠራበት ማተሚያ ቤት በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። «መጋረጃ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት ወረቀት ቆራጩ ነው። ሰውየው የማተሚያ ቤቱን ኮምፒውተሮች እንዲቆጣጠር በተቀጠረ ሰሞን መጀመሪያ ያደረገው ነገር ከፋርማሲ የቁስል ፕላስተር ገዝቶ በየኮምፒውተሩ ካሜራ ላይ መለጠፍ ነበር። ካሜራ የሌላቸውንም አልማረም፤ ካሜራ ሊመስል የሚችል ቀዳዳ ካገኘ ይለጥፍበታል። ሥራ አስኪያጇ ጠዋት ስትገባ ማሽኖቿ በሙሉ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፎባቸው ተደርድረው ጠበቋት።

«ምን ሆነው ነው?» አለች። «ተፈነካከቱ?»

«እንዳንታይ ነው» አላት ኮስተር ብሎ።

«ማን ነው የሚያየን?»

«እነሱ ናቸዋ!»

ቆራጩ የወረቀት ብናኝ ከቅንድቡ ላይ እየጠረገ፣ «እኛን አይተው ምን ሊያተርፉ? ትንሽ እንኳ አናሳዝናቸውም?» ሲል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ስሙ ያን ዕለት ተለጠፈበት፤ ፕላስተሮቹ ቀስ በቀስ እየተላጡ ሲወድቁ ስሙ ግን ጸና።

እኔ ሰውየውን የማውቀው መጋረጃ ከመባሉ በፊት ነው። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ነበርን። ያኔ ከክፍላችን ልጆች የራሱ ኮምፒውተር የነበረው እሱ ብቻ ቢሆንም በሩ ተዘግቶ አያውቅም። የለመነውን ሁሉ ሲዲ ይገለብጥለታል፤ የማንንም የመመረቂያ ጽሑፍ ተቀምጦ ይተይባል። አልጋው ላይ ተደርድረን፣ ፕሮግራም የያዘ ሰው ሁሉ ውስጡን ከፍቶ የማየት፣ የማረምና ለፈለገው የማካፈል መብት ሊኖረው እንደሚገባ ሲያስረዳን ዓይኖቹ ያበሩ ነበር። ነፃ ሶፍትዌር የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት ከእሱ አፍ ነው። ያን ልጅ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። አንዳንዴ ከመንገድ ሆኜ መስኮቱ የተከፈተ ክፍል ሳይ፣ ሸሚዙን ጠቅልሎ እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለኛል። ዕድሜ ግን ከሰው ላይ የሚወስደውን መርጦ ነው የሚወስደው። ከእሱ ላይ ማካፈሉን ወሰደና መደበቁን ብቻ ተወለት።

እህቴን ካገባ በኋላ እናታችን ቤት ምሳ በተጠራን ቁጥር ስብከቱን እንሰማለን።

«እማማ፣ ይህ ስልክዎ የሚያወሩትን ሁሉ ይሰማል» ይላታል ሹካውን ወደ ስልኳ ቀስሮ።

«ይስማኝ እንጂ!» አለችው አንድ ቀን። «ከእናንተ እንደሁ የሚሰማኝ የለም።»

እኛ ስንስቅ እሱ አልሳቀም። ስልኳን ተቀብሎ እዚያው ገበታ ላይ ሲነካካው ቆየ። ሲመልስላት የእኔ ቁጥር፣ የእህቴ ቁጥር፣ የሐኪሟም ቁጥር ሳይቀር ጠፍቶ ነበር። «አሁን ንጹሕ ነው» አላት። እናቴ ባዶውን ስልክ ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ «አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ ግን?» አለችው። የምሯን ነበር።

ማተሚያ ቤቱንም ሊያድነው ሞክሯል። ሠራተኛው ሁሉ እረፍት ላይ በነበረበት ሰሞን ለብቻው ገብቶ፣ ገጽ የሚሠራባቸውን ፕሮግራሞች በሙሉ ነቅሎ በነፃ ሶፍትዌር ተካቸው። ማንንም አላስፈቀደም፤ ነፃ አውጪ ያስፈቅዳል እንዴ? ሰው ሲመለስ የአንድ ትልቅ ደንበኛ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ተራው ደርሶ ነበርና ማንም ልብ ሳይለው ታተመ። ወጥቶ ሲታይ የወራቱ ስም ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኗል። አዲሱ ፕሮግራም የድሮውን የፊደል ቅርጽ አያውቀውም፤ ያላወቀውን ፊደል ደግሞ በሳጥን ይተካል።

«ወሩን ደንበኛው ራሱ ይሙላበት ነው?» አለ ቆራጩ አንዱን ወደ መብራቱ አንስቶ።

ሥራ አስኪያጇ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «አስረዳኝ» አለችው።

«የድሮው ፊደል ባለቤት ያለው ነው። የድርጅት ንብረት ነው። እስከ ዛሬ በሰው ፊደል ነው ስንጽፍ የኖርነው።»

«እሺ። እና?»

«እና አሁን ነፃ ነን።»

«በሳጥን?»

አላባረረችውም። ያላባረረችው ግን አዝናለት አይደለም። የማሽኖቹን ሁሉ የይለፍ ቃል የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለነበር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ነፃነት የሰበከውን ሰው ሥራው ላይ ያቆየው ሌላውን ቆልፎበት መያዙ ነበር። ይህን ስነግረው፣ «እሱ ሌላ ነው» አለኝ። ለእሱ ሁልጊዜም ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ ተራ ጅልነት ነው፤ ሰው ስቆ ያልፈዋል። ትዳሩን ያፈረሰው ግን ሳቅ የሌለበት ነው። አንዲት ልጅ አላቸው፤ በቤት ስሟ ሚጣ እንላታለን። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች ትምህርት ቤቶች የልብስ ንድፍ ውድድር አድርገው ነበር። ሚጣ ከማተሚያ ቤቱ የሚጣለውን ወረቀት በአባቷ በኩል አስመጥታ፣ ቆርጣ፣ አጣጥፋና ሰፍታ ቀሚስ ሠራች። በየእጥፋቱ ግማሽ ርዕስ፣ የተቆረጠ ፊት፣ የሆነ ማስታወቂያ ጭራ ይታያል። ራሷ ለብሳው ቀረበችና አንደኛ ወጣች። ትምህርት ቤቱ ፎቶዋን ድረ ገጹ ላይ አወጣው፤ ሰዉ ሁሉ አየው፣ አደነቀው፤ እህቴም ለምታውቀው ሁሉ ላከችው።

አባትየው ይህን የሰማ ዕለት ደሙ ፈላ። የልጄን ፊት ያለ ፈቃዴ ለዓለም ዘርግታችኋል፣ ፍርድ ቤት እገትራችኋለሁ ብሎ ለትምህርት ቤቱ ጻፈ። ርዕሰ መምህሩ ጣጣ የማይወድ ሰው ነው። ፎቶዋን አወረደው። ለጥንቃቄ ብሎ ስሟንም አወረደው። ገጹ ላይ ሁለተኛ የወጣው ልጅና ሦስተኛ የወጣችው ልጅ ብቻ ቀሩ፤ የአንደኛው ቦታ፣ ያን ዓመት አንደኛ የወጣ እንዳልነበረ ሁሉ፣ ባዶውን ተቀመጠ። ሚጣ አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። «አሸንፌ ነበር እኮ፣ አባዬ» ብቻ አለችው። እሱም፣ «ስታድጊ ታመሰግኚኛለሽ» አላት። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ከሰላምታ በቀር አላናገረችውም። እህቴም ብዙ አልቆየች፤ ዕቃዋን ይዛ ልጇን አስከትላ ወጣች።

መጋረጃ አንድ ክፍል ተከራየ። ከታች ጎማ ጠጋኝ አለ፤ የንፋስ መሙያው በተነሳ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። መስኮቱ ቀኑን ሙሉ የተሸፈነ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ሥር እንደ ጉንፋናም ልጅ የሚያንኮራፋ አሮጌ ኮምፒውተር። ያ ኮምፒውተር ሰርቨሩ ነው። የግል ድረ ገጹን በዚያ ላይ ሠራ፤ ማንንም ድርጅት ስለማያምን ገጹ የሚኖረው እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ገጹም አብሮ ይጠፋል።

ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር ላፕቶፑን አዙሮ ያሳየኛል። እያንዳንዷን መስመር በእጁ ነው የጻፋት፤ ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው። የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ፣ መልእክት እንዴት ተቆልፎ እንደሚላክ፣ ትልልቆቹ ድርጅቶች እንዴት እንደሚሸጡን ጽፏል። እውነቱን ለመናገር ከጻፈው ብዙው ልክ ነው። ስልኬ የት እንደዋልኩ ከሚስቴ አብልጦ ያውቃል፤ ይህን እያወቅሁ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። በዚህ አልኮራም። ግን «ስለ እኔ» የሚለውን ገጽ ከፍቼ ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ስሜን አልጽፍም። የምኖርበትን አልጽፍም። ፎቶ የለኝም። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሰው እኔ ነኝ» ይላል። ከገጹ ግርጌ ደግሞ፣ «ይህ ገጽ ማንንም አይከታተልም፤ ማንንም አይቆጥርም» የሚል ቃል ሰፍሯል።

«ታዲያ የሚያነብህ ሰው መኖሩን በምን ታውቃለህ?» አልኩት።

«ማወቅ የለብኝም። ቁም ነገሩ እሱ ነው።»

ይህን ባለ በሳምንቱ የገጹን አድራሻ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ በእጄ አስያዘኝ። «ለሚጣ ስጥልኝ» አለ። ዓይኔን ማየት ከብዶት ሰርቨሩን ያየው ነበር።

ሚጣ ያኔ የራሷን የልብስ ስፌት ሱቅ ከፍታ ነበር። ሥራዋን የምትሸጠው ራሷ እየለበሰች በስልኳ ቪዲዮ እየቀረጸች ነው፤ ብትታይ ትበላለች፣ ባትታይ ትራባለች። የከተማው ሴት ሁሉ ያውቃታል። አንድም ቀን ልብሷን ያላየ ሰው ቢኖር አባቷ ነው፤ ቪዲዮዎቹ ያሉበት ቦታ የእነሱ ነውና፣ ደጃፋቸውን አልረግጥም ብሏል።

ወረቀቷን አድርሼ ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ምን አለች?»

«ኪሷ ውስጥ ከተተችው።»

«ኪሷ ውስጥ? ተጠንቅቃ ነው ወይስ እንዲያው?»

«መርፌ በአፏ ይዛ ነበር፤ ምን ትበልልህ?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላም አጣ። ስትገባ ገጹ ወድቆ ብታገኘውስ? መብራቱ ልክ በዚያች ሰዓት ቢጠፋስ? ለሰርቨሩ ባትሪ ገዛለት፤ እንደ ሕመምተኛ ሌት ተቀን ይጠብቀው ጀመር። «የሚያስፈልገውን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ ቢወድቅም ወዲያው አውቃለሁ» አለኝ። እኔም አልጠየቅሁትም። እሱ ስለ ኮምፒውተር ማስረዳት ከጀመረ ማቆሚያ የለውማ።

ብዙም ሳይቆይ ደውሎ ጠራኝ። እሱ ሲደውል ጉዳዩ ብርቱ ነው፤ ስልክ አይወድም። ስደርስ ክፍሉ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይላል።

«እየመጣች ነው» አለኝ።

«ማን?»

«ሚጣ! ጠዋት ሱቅ ሳትከፍት፣ ማታ ሱቅ ዘግታ። በየቀኑ! አንድም ቀን አላጓደለችም።»

ማንንም የማይቆጥረው ሰው ቆጥሮ ኖሯል። ሰርቨር የሚባል ማሽን የመጣውን ሁሉ ከየት አድራሻ፣ በስንት ሰዓት እንደመጣ በራሱ ይመዘግባል። «ለደህንነት ስል ብቻ ነው የማየው» አለኝ፤ እንደዚያ ሲል ጆሮው ቀላ። የባሰው ሌላ ነው። የመጣውን ሰው ላለማወቅ ሲል፣ ማሽኑ የእንግዳውን አድራሻ ግማሹን ቆርጦ እንዲጥል፣ በምን ዓይነት ዕቃ እንደመጣም እንዳይጽፍ አድርጎ አስተካክሎታል። ስለዚህ የሚያየው ሁሉ አንድ የከተማው ሰው መምጣቱን ብቻ ነው። በገዛ እጁ እንግዳውን ዓይነ ርግብ አልብሶ ካስገባ በኋላ፣ ከጨርቁ ሥር ያለው ፊት የማን እንደሆነ ሲገምት ይውላል።

«በምን አወቅህ እሷ መሆኗን?»

«አድራሻውን በሰጠሃት ሳምንት ነው የጀመረው። ደግሞ ሌላውን ገጽ አትነካም። የፊተኛውን ብቻ አይታ ትሄዳለች። ልክ እሷ! ልጅ ሆናም ክፍሌ በር ላይ ቆማ ታየኛለች እንጂ አትገባም ነበር።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ የዶርሙን ልጅ ለአፍታ አየሁት። ምነው ባላየሁት! እዚያው ጅልነቱን ብነግረው ይሻል ነበር።

መጋረጃ ገጹን ቀየረው። ስለ ይለፍ ቃል የጻፈውን ወደ ኋላ ወስዶ፣ የፊተኛው ገጽ ላይ ለእሷ መጻፍ ጀመረ፤ ስሟን አይጠራም፣ ስሙን አይጽፍም። በሄድኩ ቁጥር አዲስ ጽሑፍ ያስነብበኛል። «ወረቀቱን ያመጣሁልሽ እኔ ነበርኩ» ይላል አንዱ። «ከቆሻሻው ውስጥ ቀለሙ ያልደበዘዘውን እየመረጥኩ። ለብሰሽው ስትወጪ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ መቆም አቅቶኝ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ይህን አልነገርኩሽም። የነገርኩሽ ሌላውን ነው።» ጽሑፉ ጥሩ ነበር። ዕድሜዬን በጽሑፍ ነው ያሳለፍኩት፤ ጥሩና መጥፎውን አውቃለሁ። ያናደደኝም ጥሩ መሆኑ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር አፉን ቆልፎ ምን ይሠራ ነበር?

«ሱቋ ከማተሚያ ቤቱ ሁለት መንገድ ነው» አልኩት። «ለምን ሄደህ አትነግራትም?»

«በጽሑፍ ይሻላል። ማንም ሳያያት፣ በራሷ ጊዜ ታነበዋለች። ክብሯን መጠበቅ ነው።»

ፍርሃቱን ክብር ብሎ ጠራው። እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ተሰጥኦ ይኸው ነው፤ የፈሩትን ሁሉ መርህ ያደርጉታል።

በመጨረሻ፣ እሁድ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ያለው ኬክ ቤት እጠብቅሻለሁ ብሎ ጻፈ። እኔንም ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥልኝ ብሎ ለመነኝ። ሠርጉ ላይ የለበሰውን ኮት ለብሶ መጣ፤ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፣ ሆዱ ላይ ጠቦታል። ሁለት ኬክ አዝዞ አንዱን ከባዶው ወንበር ፊት አኖረው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግማሽ ይነሳና ይቀመጣል። አስተናጋጇ አዝና ይመስላል ውኃውን ደጋግማ ትሞላለታለች። ሌላ ሰው ቢሆን አንጀቴን ይበላው ነበር። እኔ ግን ጋዜጣዬን ከፍቼ፣ ይህ ሰው ስልክ አንስቶ «ነይ» ማለት እንዴት ያቅተዋል እያልኩ በገንኩ።

አልመጣችም። ኬክ ቤቱ ሲዘጋ አብረን ወደ ክፍሉ ሄድን። ኮቱን ሳያወልቅ ላፕቶፑን ከፈተ። እንግዳው እንደ ወትሮው ጠዋት መጥቶ ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በፊትም፣ እንደ ወትሮው፣ መጥቶ ሄዷል።

«አንብባለች!» ብሎ ጮኸ። «አንብባ ነው የቀረችው! ጠዋት ነይ የሚለውን አንብባ፣ ማታ ደግሞ መቅረቷን ልታሳየኝ መጣች!» የጎማ ጠጋኙ ማሽን ከታች ሲጮህ፣ እሱ ከላይ በልጁ ጭካኔ ያማርር ነበር። በአንድ ቀን ከተጸጸተ አባትነት ወደ ተበደለ አባትነት ተሻገረ፤ ሁለተኛው እንደሚመቸው ፊቱ ይናገራል።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ካልሄድን አለ። ኮቱን እንደለበሰ ነበር።

የሚጣ ሱቅ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የስፌት መኪና፣ በሌላው በኩል ረጅም መስታወት፣ መሃል ላይ ስልክ የተሰካበት ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ከነመብራቱ ቆሟል። ሚጣ ሜትር አንገቷ ላይ ጥላ የአንዲት ደንበኛ ትከሻ ትለካለች። አባቷን በር ላይ ስታይ እጇ እዚያው ትከሻ ላይ ቀረ።

«አባዬ?» አለች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ምነው? አያቴ ደህና ናት?»

«ሁሉም ደህና ነው» አልኳት።

«ለምን አልመጣሽም?» አላት እሱ።

«የት?»

«ኬክ ቤት። ትናንት።»

«የምን ኬክ ቤት?»

«ሚጣ፣ አትቀልጂብኝ። ጠዋት አንብበሻል። ማታም አንብበሻል። አይቻለሁ።»

«ምኑን ነው ያየኸው?»

«መግባትሽን! ገጼን!»

ደንበኛዋ አንዴ አባትየውን፣ አንዴ ልጂቱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ሚጣ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች።

«አባዬ፣ ገጽህን አይቼው አላውቅም» አለች። «ጋሼ ወረቀቷን የሰጠኝ ዕለት ማታ ሞክሬ ነበር። ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ይህ ገጽ አደገኛ ነው፣ መረጃሽን ሊሰርቁብሽ ይችላሉ፣ ተመለሺ አለኝ። ተመለስኩ።»

እሱ ተንተባተበ። ነገሩ ወዲያው ገብቶታል፤ ለእኔ የገባኝ በኋላ ሲያስረዳኝ ነው። ድረ ገጽ ሁሉ፣ ትክክለኛ ነው ብሎ የሚመሰክርለት ድርጅት ይፈልጋል። በነፃ የሚመሰክሩም አሉ። እሱ ግን ለእኔ ማንም አይመሰክርልኝም ብሎ ምስክሩንም ራሱ ጻፈው። የሰው ስልክ ደግሞ ለራሱ የሚመሰክርን ሰው አያምንም። በዚያ ቀይ ጽሑፍ ሳይመለስ ሊገባ የሚችለው እሱ ራሱ ያስተካከለው ማሽን ብቻ ነበር።

«ታዲያ ማን ነው?» አለ፣ ለራሱ ይመስል። «ጠዋትና ማታ... በየቀኑ... የፊተኛውን ገጽ ብቻ...»

ቀለሙ ሲለወጥ አየሁት። በዝግታ ከደንበኞች መቀመጫ ላይ ተቀመጠ።

«ማተሚያ ቤት ያለው አሮጌው ማሽን ነው» አለ።

«ምን?» አልኩት።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ገጹ ወድቆ እንደሆነ በየጠዋቱና በየማታው ገብተህ እይ ብዬ። አድራሻውን የሰጠሃት ሳምንት። ስትመጣ ወድቆ እንዳታገኘው ብዬ።»

ያን ሁሉ ጊዜ የጸጸቱን ደብዳቤ ያስነበበው ለገዛ ማሽኑ ነበር። ኮት ለብሶ ኬክ አዝዞ የጠበቀውም እሱኑ ነው። አሮጌው ማሽን ማተሚያ ቤት ጥግ ላይ፣ ምናልባትም ካሜራው ላይ ፕላስተር ተለጥፎበት፣ በየማለዳው ይመጣና ደጁን ገፋ አድርጎ፣ «አለህ?» ብሎ ይሄዳል። መሳቅ አምሮኝ ነበር። የቀደመችኝ ሚጣ ናት። አጭር፣ ደረቅ ሳቅ ሳቀችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ስታወርደው ግን ፊቷ ሌላ ነበር።

«ምን ብለህ ነበር የጻፍክልኝ?» አለችው።

አቀርቅሮ የኮቱን ቁልፍ ይነካካ ጀመር።

«አባዬ፣ ይኸው አለሁ። ሥራዬን አቁሜ እየሰማሁህ ነው። ምን ብለህ ነበር?»

እኔ ልናገርለት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ኋላ ወንበሩ፣ ቃል በቃል በልቤ ይዤዋለሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር ከእሱ የሚፈለገው። ቀና አለ። ከንፈሩ ተላቀቀ። ልጂቱን አያት፣ መስታወቱን አየ፣ የቆመውን ስልክ አየ። ከዚያ ዓይኑ ቦግ አለ።

«ይስተካከላል!» ብሎ ተነሳ። «ቀዩ ጽሑፍ የሚጠፋ ነገር ነው። ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ። ከዚያ ራስሽ ታነቢዋለሽ!»

ኮቱን እየቆለፈ ወጣ። በሩ በራሱ ተወዛውዞ ተዘጋ። ሚጣ በሩን ስታይ ቆየች።

«ሄደ?»

«ሄደ» አልኳት።

«ጋሼ» አለች ሜትሩን አንገቷ ላይ እየመለሰች፣ «ሱቁ በየቀኑ ክፍት ነው በለው። አላነበውም። ያለውን በአፉ ይንገረኝ።» ወደ ደንበኛዋ ዞራ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ እጅሽን ዘርጊልኝ» አለቻት።

መልእክቱን ለማድረስ ማተሚያ ቤት ስሄድ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ማሽኖቹ እየጮሁ ስለነበር ጆሮው ሥር ጎንበስ ብዬ እያንዳንዷን ቃል ነገርኩት። በአፍህ ንገረኝ ብላለች አልኩት። ሁለት መንገድ ነው፣ አሁን ተነስ፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት።

«እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ግን መጀመሪያ ብታነበው ይሻላል። በአፍ ሲሆን ይበላሻል። ጽሑፉ ተስተካክሎ ነው የተጻፈው።»

«አላነበውም ብላለች እኮ! አልሰማኸኝም?»

«ሰምቻለሁ።» ድንገት ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ በአንተ ስልክ ክፈተው። ምስክሩን ቀይሬዋለሁ። ከቀየርኩት ወዲህ ከእኔ ሌላ የሞከረው ሰው የለም።»

ስልኬን አውጥቼ አድራሻውን ጻፍኩ። ቀይ ነገር አልወጣም። ወረቀቱን ያመጣሁልሽ እኔ ነበርኩ የሚለው መስመር ጥርት ብሎ ተከፈተ።

«ይከፈታል?» አለኝ።

«ይከፈታል» አልኩት።

በደስታ ዘለለ፤ ቆራጩን በእጁ እየጠቀሰ ና እይ ይለው ጀመር። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ልናገረው የፈለግኩትን ስድብ ሁሉ በሆዴ እንደያዝኩ፣ ወደ ሚጣ ሱቅ የሚወስደውን መንገድ ብቻዬን ያዝኩት።